ስማችንን ተሸክሞ ሪንግ የወጣው ጆ ሉዊስ

ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.። በኢትዮጵያና በጣሊያን መካከል የወልወል ግጭት ከተነሳ መንፈቅ አልፎታል። ሙሶሎኒ ጦሩን በመርከብ ወደ ምጽዋ እያጓጓዘ ነው፤ ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ያሉት ዲፕሎማቶች ቀጠሮ ያራዝማሉ። በዚያች ምሽት ኒውዮርክ በሚገኘው ያንኪ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሰው ሁለት ቦክሰኞችን ሊያይ ተሰበሰበ። አንደኛው ጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ክብደቱ 118 ኪሎ ገደማ፣ የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን፣ ፋሺስቶቹም የጉልበታቸው ማሳያ ያደረጉት ሰው። ሌላው አላባማ ከድሃ ገበሬ ቤት ተወልዶ ዲትሮይት ያደገ፣ ፕሮፌሽናል ከሆነ ዓመት ያልሞላው የ21 ዓመት ጥቁር ወጣት ነው። ስሙ ጆ ሉዊስ።

ይህን ስም ብዙዎቻችን አናውቀውም። ልናውቀው ይገባል።

ለጥቁር አሜሪካውያን ያ ግጥሚያ ተራ ስፖርት አልነበረም። ሉዊስ ኢትዮጵያ፣ ካርኔራ ጣሊያን ነበሩ። ጋዜጦቹም በዚያው ዓይን አዩት። ፖሊስ የዘር ረብሻ ይነሳል ብሎ ፈርቶ በብዛት ተሰማራ። ልጁ ግን ስለ አገራችን የሚያውቀው ጥቂት ነበር። በኋላ ሕይወቱን ሲተርክ፣ በዚያ ዕድሜው የሰው ሁሉ ተስፋ ትከሻው ላይ ሲጫን እንዴት እንደከበደው አንስቷል።

ሉዊስን ልዩ የሚያደርገው ነገር ቡጢው አጭር መሆኑ ነው። አሰልጣኙ ጃክ ብላክበርን ያስተማረው እጁን ወደ ኋላ ስቦ እንዲወረውር አይደለም፤ እግሩን መሬት ላይ እየጎተተ በትንሽ በትንሹ እንዲጠጋ፣ በግራ ጃብ መንገድ እንዲከፍት፣ ከዚያ ከቅርብ እንዲመታ ነው። ካርኔራን ገና በመጀመሪያው ዙር አፉን አደማው። በ5ኛው ዙር ግዙፉ ሰው አቅፎ ሊጫነው ሲሞክር፣ 30 ኪሎ ያህል የሚያንሰው ሉዊስ እሱኑ ከመሬት ብድግ አደረገው ይባላል። በ6ኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀ፤ ዳኛውም ፍልሚያውን አስቆመ። የኒውዮርክ ጥቁሮች ሰፈር ሃርለም በደስታ ጎዳና ወጣ።

ሉዊስ ግን ፈገግ አላለም። ማናጀሮቹ በወደቀ ተጋጣሚ ላይ እንዳይፈነድቅ አስጠንቅቀውት ነበር። ከእሱ በፊት ሻምፒዮን የነበረው ጥቁሩ ጃክ ጆንሰን በነጮች ፊት አንገቱን ባለመድፋቱ ምን ያህል እንደተጠላ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ልጁ ማሸነፍ እንጂ በድሉ መደሰት አልተፈቀደለትም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን የመረብን ወንዝ ተሻገረች። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ለመዝመት ተመዘገቡ፤ የአሜሪካ ሕግ ግን ዜጎች በባዕድ አገር ጦር እንዳይሰለፉ ይከለክል ነበር። አውሮፕላን አብራሪው ጆን ሮቢንሰን አዲስ አበባ ደርሶ ንጉሠ ነገሥቱን አገለገለ። አብዛኛው ሰው ግን ከጸሎት፣ ከመዋጮና ከሬዲዮ ውጪ መንገድ አልነበረውም። ሬዲዮው ውስጥ ደግሞ ጆ ሉዊስ ነበር።

ቀጥለው የመጡት ወራት ለሁሉም መራራ ሆኑ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። ሰኔ 12 ቀን ሉዊስ በጀርመናዊው ማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር በዝረራ ተሸነፈ። ከዚያ 11 ቀን በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ቆመው ለዓለም አቤት አሉ። ሰሚ አላገኙም።

ሉዊስ ግን ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1937 ጄምስ ብራዶክን በ8ኛው ዙር ዘርሮ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በ1938 ሽሜሊንግን በድጋሚ ሲያገኘው የፈጀበት 124 ሴኮንድ ብቻ ነው። ቀበቶውን 25 ጊዜ አስጠብቆ ከ11 ዓመት በላይ ነገሠበት። አንድ ጊዜ የናቀው አገር አሁን የእኔ ልጅ አለው።

ያ አገር ያደረገለትን ደግሞ ስሙ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1942 የሁለት ግጥሚያዎችን ገቢውን ለባሕር ኃይልና ለምድር ጦር የእርዳታ ድርጅቶች ሰጠ፤ ራሱም በወዶ ዘማችነት ተመዘገበ። የዚያን ጊዜው ባሕር ኃይል ጥቁሮችን የሚቀበለው ለምግብ ቤት ሥራ ብቻ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግብር ሰብሳቢው መጣ፤ የለገሰውን ገንዘብ ሳይቀር እንደ ገቢ ቆጠረበት። ዕዳው እ.ኤ.አ. በ1950 ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ፤ ወለዱም እየተቆለለ ሄደ። ገና ወጣት ሳለ፣ ቤተሰቡ በችግር ጊዜ ከዲትሮይት ከተማ የተቀበለውን የድሃ ድጎማ ማንም ሳይጠይቀው የመለሰ ሰው ነው ይህ።

እጁ ለሰጪነት ሰፊ ነበር፤ ሒሳብ የሚይዝለት ታማኝ ሰው ግን አላገኘም። ስለዚህ ጡረታ ከወጣ በኋላ ለዕዳ ሲል ተመልሶ ጓንት አጠለቀ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1951፣ በ37 ዓመቱ፣ ሮኪ ማርሲያኖ በ8ኛው ዙር ገመዱን አሳልፎ ከሪንጉ ጠርዝ ላይ ጣለው። ማርሲያኖ ከልጅነቱ የሚያደንቀውን ሰው በመምታቱ መልበሻ ክፍል ገብቶ አልቅሷል ይባላል። ከዚያ ሉዊስ ለገንዘብ ነጻ ትግል ታገለ፤ በመጨረሻም ላስ ቬጋስ ቁማር ቤት በር ላይ እንግዳ ተቀባይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያርፍ በጀግኖች መካነ መቃብር በአርሊንግተን ተቀበረ። ከቀብር ወጪው የተወሰነውን የከፈለው የቀድሞ ተጋጣሚው ሽሜሊንግ ነው።

በስሙ ያልተጠቀመ የለም። መንግሥት ለወታደር መመልመያ፣ ፕሮሞተሮች ለትኬት፣ ሕዝቡ ለክብሩ ተጠቅሞበታል። እኛም ሳናውቀው ከተጠቀሙት መሃል ነን፤ በመንግሥታት ሸንጎ ብቻችንን በተተውንበት ዘመን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የእኛን ስም እየጠሩ ያጨበጨቡት ለእሱ ቡጢ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። የ1928 ዓ.ም.ን ወረራ ለልጆቻችን ስንነግር፣ ከአርበኞቻችን ታሪክ ጎን ከባሕር ማዶ አብረውን የቆሙትን እንንገራቸው፤ ጆ ሉዊስንም እንጥቀስ። ደግሞም ዛሬ ባንዲራ የምናስይዛቸውን አትሌቶች፣ ጉልበታቸው ሲደክም ማን ሒሳባቸውን እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሚያሳክማቸው ገና በድላቸው ቀን እንጠይቅ። ክብራችንን ያሸከምነው ሰው ሲወድቅ ዕዳው የራሱ ብቻ ነው ብሎ መሄድ ነውር ነው።