ካርድ ያለው ገበሬ፣ ካርድ የሌለው መምህር

ጥር 5 ቀን 2017፣ ሰኞ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤቴን እማማን ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር ከአንድ መድኃኒት ቤት ሲወጡ አገኘኋቸው። ባዶውን የደም ግፊት መድኃኒት ካርቶን ይዘው ዋጋ እያጠያየቁ ነው። በየወሩ ስለሚገዙት ስሙንም፣ የየትኛው አገር ምርት እንደሚስማማቸውም ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሦስተኛው ቤት ረከስ ብሎ አገኙት። እንዲህ ላለው ነገር ፉክክር ጥሩ ነው ባይ ነኝ። ገዢው የሚገዛውን ካወቀ፣ ለመዞርም ጊዜ ካለው፣ መድኃኒት ቤቶች ጎን ለጎን መከፈታቸው ይጠቅመዋል።

“አምና በዚህ ብር የሁለት ወር እገዛ ነበር ልጄ፤ ዘንድሮ ለአንዱም አይበቃ” አሉኝ። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ ነው። ባለፈው ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ከ120 አልፏል። መንግሥት መድኃኒትን እደጉማለሁ ማለቱን ሰምተናል። እማማ በሚዞሩባቸው መደርደሪያዎች ላይ ግን ድጎማው አልታየም።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ሌሊት የባልደረባዬ ልጅ ሆዱን ይዞ ሲጮህ አደረ። በባጃጅ መጀመሪያ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ወሰድነው፤ አልጋ የለም ተባልን። ወደ ግል ሄድን። ትርፍ አንጀት ነው፣ ሳይፈነዳ በቶሎ ኦፕራሲዮን መደረግ አለበት፣ መያዣ 20,000 ብር አሉን።

በዚያ ሰዓት ሦስት ቦታ ዞሮ ዋጋ የሚጠይቅ አባት የለም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1963 ያስረዳው ይህንኑ ነው። ሕመም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ታማሚው የሚገዛውን አያውቅም፤ ምን እንደሚያስፈልገው የሚነግረውም ያው አገልግሎቱን የሚሸጥለት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ግዢ እንደ ሽንኩርትና ቲማቲም በገበያ ብቻ ሊመራ አይችልም።

ገንዘቡ ከጎረቤትና ከዘመድ ተለቃቅሞ ሞላ። የእድሩን ዳኛ ጠይቀን ነበር፤ ደንባችን የሚከፍለው ለሐዘን እንጂ ለሕክምና አይደለም። ልጁ ግን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ደህና ነው፤ ማታ ሐኪሞቹ ፈሱን አስወጥቷል ብለው ደስ ብሏቸው ነገሩን።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

አጎቴ ለጥምቀት ከጊምቢቹ መጥቶ እኛ ጋ ሰንብቷል። የልጁን ነገር ሲሰማ ከኮቱ ኪስ የጤና መድህን ካርዱን አወጣ። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከምሥራቅ ሸዋ የተመረጠችው ጊምቢቹ ነበረች። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ያዋጣል፤ መክፈል ለማይችለው ድሀ መንግሥት ይሸፍንለታል። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከአቅም በላይ ሲሆን ሪፈር ተጽፎ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ባለቤቱ አምና የተኛችው በዚሁ ካርድ ነው።

“ቅሬታ የለህም?” አልኩት።

“አለኝ እንጂ! ሐኪሙ ያዝዛል፤ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ‘የለም፣ ከውጭ ግዙ’ ትባላለህ። ከውጭ ከገዛሁማ መዋጮዬ ምን ሠራ?”

እውነቱን ነው። ካርዱ በሽተኛውን ከካርድ ክፍልና ከአልጋ ሒሳብ ቢያድነውም፣ መድኃኒቱ ከጠፋ ወደ እማማ መንገድ ይመልሰዋል።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለ ደሞዝተኛው ጤና መድህን ክርክር ተነሳ። የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ማስፈጸሚያ ደንቡ ደሞዝተኛው 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ያዋጣሉ ይላል። ሠራተኛው ደሞዜ ተቆርጦ የማገኘው ምንድን ነው ብሎ አጉረመረመ፤ ሥራ ላይ መዋሉም በተደጋጋሚ ተላለፈ። ስለዚህ አጎቴ መድህን አለው፤ ባልደረባዬ የለውም። የወንጂው ስኳር ፋብሪካና የባቱው አበባ እርሻ የራሳቸው ሆስፒታል አላቸው። የከተማ መምህር ግን ከኪሱ ሌላ መጠጊያ የለውም። በአገር ደረጃም ቢሆን ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሶ የሚሆነው በቀጥታ ከታማሚው ኪስ የሚወጣ ነው።

አንዱ መምህር መፍትሔው በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ በክፍያ የሚሰጠው የግል ሕክምና ነው አለ። በ1990 የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ሆስፒታሎች ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲጠቀሙበት በር ሲከፍት የመጣ አሠራር ነው። ሐኪሙ ድርሻ ስለሚያገኝ ጥሎ አይሄድም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ቀን ወረፋ የሚጠብቀውን ድሀ ቀጠሮ የሚያስረዝም ከሆነ አልደግፈውም።

እኔ ሰሌዳው ላይ ሒሳብ ሠራሁ። ከ8,000 ብር ደሞዝ 3 በመቶ 240 ብር ነው። የዚያ ሌሊት መያዣ ብቻ ወደ 7 ዓመት የሚጠጋ መዋጮ ነው። ባልደረባዬ ዝም ብሎ ሲመለከት ቆየና፣ “እሺ፣ ይቁረጡኝ። ግን ሆስፒታሉ መድኃኒት ሲያጣ መድህኑ ከግል መድኃኒት ቤት ጋር ውል ገብቶ ይክፈልልኝ፤ ይህ በደንቡ ይጻፍ” አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በመቶ ሺዎች ስም የሚገዛ መድህን፣ ካርቶን ይዘው ለብቻቸው ከሚዞሩት እማማ በተሻለ ዋጋ መደራደር ይችላል። የመምህራን ማህበራችን ስብሰባ በየካቲት ስለሆነ ጥያቄውን አጀንዳ ውስጥ ለማስገባት ሁለታችንም ፈርመናል።