አክተሩ አይሞትም

በእኛ ልጅነት ባሕር ዳር ውስጥ ቪዲዮ ቤት ይባል የነበረው መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ የጭቃ ቤት ነበር። በሐይቁ ወበቅ ላይ የአግዳሚው ሰው ትንፋሽ ይደረብበታል። ሰይፍና ጋሻ ያለበት ፊልም ከሆነ ቋንቋው ግድ አይሰጠንም፤ እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚል አንድ ልጅ አይጠፋም፣ የገባውንም ያልገባውንም ይተረጉምልናል። አክተሩ እንደማይሞት ግን ያለ አስተርጓሚ እናውቃለን። አክተሩ ሁሌም ነጭ ለምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ሲሲል ቢ ዴሚል እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው «አሥርቱ ትእዛዛት» ላይ ስንደርስ ብቻ ቤቱ ይናወጣል። ሙሴ ገና የፈርዖን ቤት ልዑል ሳለ ከኢትዮጵያ ዘምቶ ይመለስና ንጉሣችንን ከነእኅቱ ያቀርባል። ንጉሡ ቁመቱ! «የእኛ ነው! የእኛ ነው!» እኅቲቱ ለሙሴ አረንጓዴ ድንጋይ ትሰጠዋለች፤ አለቀ። ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ከሚፈጀው ፊልም የደረሰን ይኸው ነው።

ንጉሡን የተጫወተው ዉዲ ስትሮድ የሚባል አሜሪካዊ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እዚያው ፊልም ውስጥ ባሪያም ሆኖ ይሠራል። ለዙፋኑም ለሸክሙም አንድ ጥቁር ከበቃ ሁለተኛ ለምን ይቀጠራል ተብሎ ይሆናል። በ1960ው «ስፓርታከስ» ደግሞ ድራባ የተባለውን ግላዲያተር ሆኖ አክተሩን አልገድልም ይላል፤ ጦሩን ወደ ሮማ ጌቶች ይወረውርና ይገደላል። አክተሩ የማይሞተው ሌላ ሰው ስለሚሞትለት ነው።

ንግሥተ ሳባን በ1959 ጣሊያናዊቷ ጂና ሎሎብሪጂዳ ተጫወተቻት። ግሪኮቹ ራሳቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሚሏት አንድሮሜዳም በ1981 እንግሊዛዊት ሆና መጣች።

ዛሬ ወጣቱ ይህን አይውጥም። «የግብጽ አማልክት» የተባለው ፊልም ከመውጣቱ በፊት አዘጋጁና ስቱዲዮው በተዋናይ ምርጫቸው ይቅርታ ሲጠይቁ ጊዜው መቀየሩ ገብቶኛል። ልጆቻችን ስልካቸው ላይ ተቀምጠው ማኬዳ ማን ትሁን ብለው ሲከራከሩ ደስ ይለኛል፤ እኛ ማጨብጨብ ብቻ ነበር የምናውቀው። ዘጌ መንገድ ዳር በፍየል ቆዳ ተሥላ የምትሸጠው ማኬዳማ ድሮም ጠይም ናት፤ ሰሎሞንም አብሯት ሐበሻ ሆኖ ቁጭ ብሏል። (የሥዕላችንን ደግነት ሳላጋንን፦ በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ሰይጣኑም ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው።)

በቅርቡ ሐይቁ ዳር አንድ የሠርግ ቪዲዮ ሲቀረጽ ደረስኩ። ሙሽሮቹ ዘውድ ደፍተው እንደ ማኬዳና ሰሎሞን ለብሰዋል፤ ከፊታቸው አዲስ የደንገል ታንኳ። ታንኳውን ያሠሩት በአንድ የነገደ ወይጦ ሰው ነው፤ ይህን ሙያ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አብሯቸው ለመብላት ከተማው ለዘመናት የተጠየፋቸው፣ ከተማው ሲሰፋ ከሐይቁ ዳርቻ የተገፉትም እነሱ ናቸው። ሰውዬው ውኃው ውስጥ ቆመው ታንኳውን ይዘዋል።

«አባባ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን፣ ፎቶው ውስጥ ገቡ» አለ ካሜራ የያዘው ልጅ፣ በትሕትና። ቲሸርቱ ላይ በትልቁ የአፍሪካ ካርታ ታትሟል። ሰውዬው ዞር አሉ፤ የሙሽራዋ ሚዜዎች ታንኳውን መያዝ ስላቃታቸው ግን እንደገና ተጠሩ፣ ከታንኳው ጀርባ አጎንብሰው እንዲይዙት።