ከሲያትል ለወርክሾፕ ወንድሞቼ፦ ቲታኒየም ቱቦ ስትቆርጡ ግራይንደሩን ተዉት

ውድ ወንድሞቼ፣

   ያለሁበት የዋሽንግተን ግዛት ምዕራባዊ ክፍል ዝናብና ጥድ የማያጣው አገር ነው። ከሲያትል ወደ ሰሜን ትንሽ ሲጓዙ ኤቨረት ላይ የቦይንግ ግዙፍ ፋብሪካ አለ። የተራራውን ሰንሰለት ተሻግረው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወርዱ ደግሞ አገሩ ደረቅ ሜዳ ይሆናል፤ እዚያም በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ኬነዊክ የምትባል የቲታኒየም ቱቦ የሚመረትባት ከተማ ትገኛለች። ይህን ብረት በቅርብ በሚያውቅ አገር ላይ ሆኜ ስለ ሌላ ነገር ብጽፍላችሁ ቅር ይለኛል፤ ቱቦው እናንተም ዘንድ በብስክሌት ፍሬም መልክም ሆነ በቁርጥራጭ መልክ መድረሱ አይቀርም። ሰው ስለ አቆራረጡ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንደኛው አደጋ ሳይደርስ እንዴት እንቁረጥ የሚለው ነው፣ ሁለተኛው ጠርዙ ንጹሕ እንዲሆን ምን እናድርግ የሚለው። እኔ የምሟገተው ሁለቱ አንድ ጥያቄ ናቸው ብዬ ነው። እሳት የሚያስነሳውም ጠርዙን የሚያበላሸውም ያው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱን የገዛ ሰው ሁለቱንም አብሮ ያገኛቸዋል።

መጀመሪያ ስለ ብረቱ ጠባይ። እጃችሁ የሚገባው ቱቦ ባብዛኛው 3 በመቶ አሉሚኒየምና 2.5 በመቶ ቫናዲየም የተቀየጠበት፣ በንግዱ ዓለም ግሬድ 9 የሚባለው ነው። የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ መስመርም፣ የቲታኒየም ብስክሌት ፍሬምም በብዛት የሚሠራው ከእሱ ነው። ክብደቱ ከብረት ከ40 በመቶ በላይ ያንሳል፤ በቀዝቃዛው ተስቦ የወጣው ዓይነት ግን ወደ 860 ሜጋፓስካል የሚደርስ የመጎተት ኃይል ይቋቋማል። ሰው የሚፈራው ይህን ጥንካሬውን ነው፤ በእኔ አስተያየት ፍርሃቱ ቦታውን ስቷል። ይህን ያህል የጠነከሩ የብረት ቅይጦች ሞልተዋል፣ በመጋዝም በቶርኖም ትቆርጧቸዋላችሁ። ቲታኒየምን ከሌላው የሚለየው ሙቀት የማስተላለፍ ስንፍናው ነው፤ ከተራ ብረት በ6 እጥፍ ገደማ፣ ከአሉሚኒየም ደግሞ በ20 እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። ሌላ ብረት ስትቆርጡ የሚፈጠረው ሙቀት በፍቅፋቂውና በቱቦው አካል ተበትኖ ይጠፋል። እዚህ ግን መሄጃ ያጣና ስለቱ ጫፍ ላይ ይከማቻል። ስለቱ ይደንዛል፤ የደነዘ ስለት መቁረጡን ትቶ ያሻል፤ መታሸቱም ሌላ ሙቀት ይወልዳል። በዚያ ላይ የዚህ ብረት ግትርነት ከተራው ብረት ግማሽ ያህል በመሆኑ ስለት ሲጫነው ሸሸት ይልና ተመልሶ ይታከካል፤ ሲግል ደግሞ ከመቁረጫው ጋር ይጣበቃል።

አሁን ይህን ብረት ከግራይንደር ጋር አገናኙት። 115 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሴኮንድ 66 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በደቂቃ 4,000 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በተለመደው የቶርኖ ቢላ ቲታኒየም ሲቆረጥ የሚመከረው ፍጥነት ግን በደቂቃ ከ10 እስከ 18 ሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ዲስክና ቢላ የሚቆርጡበት መንገድ ስለሚለያይ ፍጥነታቸው እንዲህ በቀጥታ አይወዳደርም የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ሙቀቱ መሄጃ ማጣቱን ይህ አይለውጠውም፤ ውጤቱም በዓይን የሚታይ ነው። ቲታኒየም አየር ላይ ሲግል ላዩ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል፣ ቀጥሎ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ሙቀቱ ሲያይል ግራጫ፣ በመጨረሻም የሚፈረፈር ነጭ ያወጣል። ብዙ ሰው ሰማያዊውን እንደ ጌጥ ያየዋል። ለሚቆርጥና ለሚበይድ ሰው ግን ኦክስጅን ምን ያህል ብረቱን እንደነካው የሚናገር ምልክት ነው። ሙቀቱ በበረታ መጠን ኦክስጅኑ ወደ ውስጥ ይሰርግና ደረቅ፣ ተሰባሪ ቆዳ ይሠራል። ጠንቃቃ በያጆች ቱቦው ከ430 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከውስጥም ከውጭም የአርጎን ጋዙን የማያነሡት ለዚህ ነው። ተሰባሪው ቆዳ ሳይነሣ ከተበየደ፣ ወይም ቱቦው ንዝረት ባለበት ቦታ ከገባ፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሚያበረው ቦይንግ 787 ላይ የሃይድሮሊክ ግፊቱ 5,000 ፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ ከአውሮፕላኑ ክብደት ደግሞ 15 በመቶ ያህሉ ቲታኒየም ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የተቃጠለ ጠርዝ ማንም አይቀበልም።

ስለ እሳቱ ደግሞ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ 1,668 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ብረት እንዴት ብሎ ይነዳል? የቱቦው አካል እንደዋዛ አይነድም። የሚነደው ብናኙና ቀጭኑ ፍቅፋቂው ነው። ብናኝ ሲሆን ብዙ ገጽታው ለአየር ይጋለጣል፤ ሙቀቱን የሚቀበለውም የራሱ ትንሽ አካል ብቻ ነው፤ አየር ላይ ከተበተነ ሊፈነዳ ይችላል። ግራይንደሩ ደግሞ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ቱቦውን ወደ ብናኝ ይለውጣል፣ በዚያው ቅጽበት የእሳት ብልጭታ ይረጭበታል። በግራይንደር ብዙ ጊዜ ቆርጠን ምንም አልሆነም የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ያልሆነው ብናኙ ጥቂት ስለነበር ነው። ሥራው ሲደጋገም ብናኙ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከሞርሳው ጥግ፣ ከግራይንደሩ ሆድ ይከማቻል፤ በተለይ ከዛገ ብረትና ከአሉሚኒየም ብናኝ ጋር ሲደባለቅ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ከተነሣ በኋላ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። የሚነድ ቲታኒየም ውኃ ሲደፋበት ውኃውን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ የሃይድሮጅኑ ፍንዳታ እሳቱን ይበትነዋል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ አያቆመውም፤ በንጹሕ ናይትሮጅን ውስጥ እንኳ መንደድ የሚችል ብረት ነው። የሚያዋጣው ለብረት እሳት የተሠራ ማጥፊያ፣ ካልተገኘ ፍጹም የደረቀ አሸዋ ወይም የደረቀ ጨው ቀስ ብሎ ማልበስ ነው። ታዲያ ውኃ እንዲህ አደገኛ ከሆነ ውኃነት ባለው ማቀዝቀዣ መቁረጥ እንዴት ይፈቀዳል? እሳት ሳይነሣ ሙቀቱን ለመከላከል የሚፈስ ማቀዝቀዣ ሌላ፣ በነደደ ብረት ላይ የሚደፋ ውኃ ሌላ ነው። አጉል የሆነው መካከለኛው ነው፤ እርጥብ ሆኖ የተተወ የብናኝ ክምር። ስለዚህ ብናኙን በየቀኑ ሰብስባችሁ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ለብቻው አስቀምጡት። በአየር ግፊት አትንፉት። ሳንባም የሰው ነውና መነጽሩን ብቻ ሳይሆን ማስኩንም አድርጉ።

እንግዲህ በምን ይቆረጥ? ለትንሽ ሥራ የሚበልጠው የእጅ መጋዝ ነው፤ ይህን የምለው ሌላ ስለሌለን አይደለም። የእጅ መጋዝ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፣ የሚያወጣው ብናኝ ሳይሆን ፍቅፋቂ ነው፣ ፍቅፋቂውም ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ባይሜታል ስለት፣ በአንድ ኢንች 32 ጥርስ ያለው ይሁን። የብስክሌት ቱቦ ግድግዳ ብዙ ጊዜ 0.9 ሚሊሜትር ነው፤ የዚህ ስለት ጥርሶች ርቀት 0.8 ሚሊሜትር ስለሆነ መጋዙን ቀጥ አድርጋችሁ ከወረዳችሁ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው አንድ ጥርስ ብቻ ይሆናል፤ ይነክሳል፣ ጥርሱ ይሰበራል፣ ቱቦው ይቦጨቃል። ስለዚህ ትንሽ ቆርጣችሁ ቱቦውን እያዞራችሁ ዙሪያውን ተከተሉት። በሞርሳ ስታስሩት መሐሉ በቱቦው ልክ የተቦረቦረ ጥንድ እንጨት ይያዘው፤ ያለዚያ ክቡ ይጠፋል። ስትገፉ ጫን፣ ስትመልሱ ለቀቅ አድርጉ፤ እያንዳንዱ ግፊት ይቁረጥ እንጂ አይሽ፤ የመቁረጫ ዘይት አይለየው። ቶርኖ ያለው ሰው ስል ቢላ፣ ዝቅተኛ ፍጥነትና የማይቋረጥ አገፋፍ ይጠቀም፤ ቢላው አንድ ቦታ ቆሞ እንዲታሽ ፈጽሞ አይፍቀድ። ባለ መንኮራኩር የቱቦ መቁረጫም ይሠራል፤ ጉዳቱ ጠርዙን ወደ ውስጥ ማጠፉ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢቆረጥ የውስጡ ሻካራ ጠርዝ በሞረድና በመቦርቦሪያ መነሣት አለበት፤ በሃይድሮሊክ መስመር ውስጥ የተረሳች ስባሪ መጨረሻዋ ፓምፕ ወይም ቫልቭ ነው። ግራይንደር የግድ የሆነበት ሰው ከምልክቱ አርቆ ይቁረጥና ቀለም የያዘውን ሁሉ በሞረድ ያንሣ።

ንጽሕና ሲባል ግን ጠርዝ ብቻ አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሎክሂድ ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ውስጥ ኤ-12 የተባለውን የስለላ አውሮፕላን ከቲታኒየም ሲሠራ በበጋ የተበየዱ የክንፍ ክፍሎች ቶሎ ይበላሹ፣ በክረምት የተበየዱት ይቆዩ ነበር። ሲመረመር የከተማው ውኃ በበጋ ክሎሪን ይጨመርበት ኖሯል፤ ማጠቢያው በተጣራ ውኃ ሲተካ ችግሩ ቆመ። እዚያው ካድሚየም የተለበጡ ቁልፎች ብረቱን ይጎዱት ስለነበር ከመሣሪያ ሣጥኖቹ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ለአፖሎ መንኮራኩር የተሠራ የቲታኒየም ታንክ ሜታኖል ተሞልቶ በግፊት ሲፈተሽ ፈንድቷል። ትምህርቱ ወርክሾፕ ድረስ ይወርዳል፦ ቱቦውን በበረኪና አትጠቡ፣ ክሎሪን ያለበት መቁረጫ ዘይት አትጠቀሙ፣ በሜታኖል አታጽዱ። አሴቶንና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። ቱቦው የሚበየድ ከሆነ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የላብ ጨው ከሙቀት ጋር ሲገናኝ ስንጥቅ ይጠራል። ተራ ብረት የሞረደ ሞረድ ለቲታኒየም አይዋስ።

የቀረው ተቃውሞ ጊዜና ገንዘብ ነው፤ እሱን የማልንቀው በልቶ ማደር ስላለ ነው። ግን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ዲስኩ አንድን ቱቦ በፍጥነት ይቆርጣል፤ ከዚያ የተቃጠለውን መሞረድ፣ ብናኙን መጥረግ፣ ጠርዙ ከተጣመመም ውድ ቱቦ መጣል ይመጣል። መጋዙ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚተርፈው ትንሽ መሞረድ ነው። ስለት፣ ሞረድ፣ ጥንድ እንጨት፣ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ፤ ከዚህ ውስጥ ለትንሽ ወርክሾፕ የሚከብድ የለም። ደህንነት የሀብታም ፋብሪካ ቅንጦት ነው የሚለው ወሬ በዚህ ብረት ላይ አይሠራም፤ ርካሹና ደህናው መንገድ አንድ ነው።

እናም አደራ የምላችሁ ይህ ነው፤ የመጀመሪያው የቲታኒየም ቱቦ ሞርሳችሁ ላይ ሳይወጣ አሸዋውን አድርቃችሁ አስቀምጡ፣ አዲሶቹ ልጆችም ግራይንደሩን እንዳያነሡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የቱቦውን ውፍረትና የግድግዳውን ልክ ለክታችሁ ጻፉልኝ፤ የሚስማማውን ስለት ከዚህ እልካለሁ።

ወንድማችሁ፣ ከሲያትል