በኢድ ማግስት ወደ ግሽ ዓባይ

አስቀድመን አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ እኛ የኳስ ሰው አይደለንም። የየትኛውም ክለብ ደጋፊ ሆነን አናውቅም። ኦፍሳይድ የሚባለውንም ቢያስረዱን ቢያስረዱን አልገባንም። ልጅነታችን ያለፈው በሁለት ትምህርት ቤት መካከል ነው፤ ጧት የቀለም ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ ቁርኣን ቤት። የሰፈራችን ልጆች የጨርቅ ኳሳቸውን ይዘው ሜዳ ሲወርዱ እኛ ሉሓችንን ታቅፈን በአጠገባቸው እናልፍ ነበር። አልፎ አልፎ ነፃ ሆነን ብንቀላቀልም፣ ሁለቱ አለቆች ተጫዋች ሲመርጡ ሲመርጡ በመጨረሻ የምንቀረው እኛ ነበርን። «እሱን እናንተ ውሰዱት» መባባላቸው ዛሬም ከጆሯችን አልጠፋም።

ምናልባት ይህ ቂም ይሆናል፣ አድገን መምህር ከሆንን በኋላ በታናሽ ወንድማችን ላይ ያስጨከነን። በ2010 ዓ.ም. እኛ ፍኖተ ሰላም እናስተምር ነበር፤ እናታችንና ወንድማችን ቡሬ ይኖሩ ነበር። አባታችን ቀደም ብለው ወደ አኺራ ስለሄዱ ልጁን የማሳደጉ አማና በእኛ ላይ ወድቋል። ዘጠነኛ ክፍል ነበር፤ «እግሩ ለኳስ የተፈጠረ ነው» ይሉታል። በመንፈቀ ዓመቱ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ስናገኘው ታኬታውን ነጥቀን እናታችን ቤት ካለው ሣጥን ውስጥ ቆለፍንበት፤ ቁልፉንም ይዘን ሄድን። ውጤቱ ተሻሻለ። ከእኛ ጋር የነበረው ወሬ ግን ከሰላምታ አላልፍ አለ።

በዚያ ዓመት ኢዱል ፊጥር የዋለው ዓርብ ሰኔ 8 ቀን ነበር። በዋዜማው ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ተነሣን። ያ አገር በሰኔ ሲታይ ልብን ይከፍታል። ቀዩ አፈር ዝናቡን ጠጥቶ ጠቁሯል፤ የበቆሎው ማሳ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ለምልሟል፤ በሬ የጠመደው ገበሬ መኪናውን ቀና ብሎ አይቶ ወደ ዕርፉ ይመለሳል። ቡሬ ስንደርስ መግሪብ ተቃርቦ ነበር።

በማግስቱ የኢድ ሶላት ተሰገደ፤ ጁሙዓም ተሰገደ፤ ዘመድ ተጠየቀ። የዓለም ዋንጫ በሩሲያ የተከፈተው በዋዜማው ነበርና በዚያ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ግብፅና ኡራጓይ ይጋጠማሉ። እናታችን ጠጋ ብለው «ወንድምህ ሻይ ቤት ሊሄድ ነው፤ ሂድና አብረኸው ተቀመጥ» አሉን። ኳስ አናውቅም ብንላቸው «ኳሱን ማን አለህ? ከልጁ ጋር ተቀመጥ ነው ያልኩህ» አሉ።

ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። በአግዳሚው ላይ ተጣበን ተቀመጥን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚጠብቀው ሙሐመድ ሳላህን ነው። ነገሩ አስገረመን። የዓባይ ምንጭ ያለው ከዚያው ከቡሬ ማዶ ነው፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብም ያኔ ገና በግንባታ ላይ ነበር፤ ከግብፅ ጋር ያለው ክርክርም እንደ ጋለ ነው። የቡሬ ወጣት ግን ለግብፁ ልጅ ይጨነቃል። አንድ አዛውንት ብቻ «እኛም እኮ በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫ ወስደናል» ብለው የሉቻኖ ቫሳሎንና የመንግሥቱ ወርቁን ስም አነሡ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ዓመት ጥር ወር አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት አሸንፋ ነው።

ሳላህ ግን አልገባም። ከሦስት ሳምንት በፊት በአውሮፓ ሻምፒዮኖች የፍጻሜ ጨዋታ ትከሻው ተጎድቶ ነበርና 26ኛ ዓመቱን የደፈነባትን ያችን ቀን በተቀያሪ ወንበር ላይ ዋለ። የዐስር አዛን ሲሰማ ተነሣን። ወንድማችን ሳንጠራው ተከተለን፤ ሰግደን ተመለስን። በ89ኛው ደቂቃ የኡራጓዩ ሆሴ ሂሜኔዝ በግንባሩ ገጭቶ አገባ፤ ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። ወንድማችን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ «ጋሼ፣ ልብ እየፈለገ ተቀምጦ ማየት ከባድ ነው» አለን። የተናገረው ስለ ሳላህ ነው። እኛ ግን ያሰብነው ስለ ሣጥኑ ነበር።

ያን ሌሊት መድረሳ ሳለን የተማርነው አንድ ሐዲስ ትዝ አለን፤ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ቀኑ ኢድ ነበር። ሐበሾች በመስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወታሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤታቸውን ዓኢሻን (ረ.ዐ.) ከኋላቸው አቁመው በትከሻቸው ላይ ሆና ጨዋታውን እንድታይ አደረጓት፤ እስኪበቃትም ድረስ ቆሙላት። በልጅነታችን ይህን ስንሰማ የኮራነው ሐበሾች በመጠቀሳቸው ነበር። የአላህ መልእክተኛ ስንት ከባድ ጉዳይ እያለባቸው ለአንዲት ወጣት ደስታ ሲሉ መቆማቸውን ግን ልብ አላልነውም ነበር። «በቃሽ» ብለው አልቸኮሉባትም፤ የበቃትም እሷን ነው።

ቅዳሜ ጧት ሣጥኑን ከፍተን ታኬታውን በፌስታል አድርገን «ተነሣ፣ ግሽ ዓባይን አይተን እንምጣ» አልነው። ከቡሬ ወደ ቲሊሊ፣ ከዚያም አስፋልቱን ትተን በጭቃው መንገድ ወደ ሰከላ ወረዳ አመራን። መኪናው እየተንሸራተተ ሲወጣ ብርዱ ይጨምራል፤ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ያላነሰ ደጋ ነው። ከግሽ ተራራ ሥር የሚፈልቀው ውኃ ትንሽ ነው፤ ያን ሁሉ ዝና የተሸከመ አይመስልም። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ይህችን ምንጭ ሊያዩ እዚህ ድረስ መጥተዋል። ውኃው ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ጣና ይወርዳል። ቦታው ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቅዱስ ነውና ከሩቅ ሆነን በአክብሮት አየን።

ከመንደሩ ዳር ካለው መስክ ላይ እረኞች ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው በሠሩት ኳስ ይጫወታሉ። ወንድማችን ፌስታሉን ተቀበለን፤ ከፍቶም አየው። ደጋግሞ ካየው በኋላ ግን ልጆቹ ባዶ እግራቸውን መሆናቸውን አይቶ የራሱንም ጫማ አወለቀና ገባ። ትንሽ ቆይቶ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ በረኛ ጎድሎናል!» ብሎ ተጣራ። በዕድሜያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉ በፊት ተመረጥን! ሱሪያችንን ሰብስበን በሁለት ድንጋዮች መካከል ቆምን። ስንት ጎል እንደገባብን አንናገርም። በዚያ ስስ አየር ትንፋሻችን ቁርጥ ቁርጥ እያለ በጭቃ ተለወስን፤ ወንድማችን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወደ ቡሬ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ ነበር።

ከዚያ በኋላም የኳስ ሰው አልሆንንም። ሕጉን ግን አብረን አወጣን፤ ሶላት በወቅቱ፣ ጥናት በሰዓቱ፣ ጨዋታም በልኩ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ሠራበት። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ አካባቢውን ግጭት መትቶታል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል። እነዚያን ባዶ እግር ልጆች ባሰብን ቁጥር ዱዓችን አንድ ነው፤ አላህ ለሜዳውም ለክፍሉም ሰላም ያውርድ።

አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች ሆይ! የልጆቻችሁ ጨዋታ ባይጥማችሁም አንድ ቀን ሄዳችሁ ከጎናቸው ተቀመጡ። ከኳሱ ምንም ባታተርፉ ከልጁ ጋር ታወራላችሁ።