አብሮ መኖርም ልምምድ ይፈልጋል

ቦዲቲ ላይ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው እድር የሟቹን ሃይማኖት አይጠይቅም። በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የሚያመልከው ጎረቤት የኦርቶዶክሱን አስከሬን ይሸከማል፤ ካቶሊኳ ለሙሉ ወንጌሏ ለቅሶ ንፍሮ ትቀቅላለች። ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆች እሁድ ጠዋት ወደተለያየ ደጅ የሚሄዱበት ቤትም ወላይታ ውስጥ ብርቅ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በዞኑ ከአሥር ሰው ሰባቱ ያህል ፕሮቴስታንት፣ ሁለቱ ያህል ኦርቶዶክስ፣ ከመቶ አምስት ያህሉ ካቶሊክ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም ሙስሊም ጎረቤቶችም አሉን። ስለዚህ የሃይማኖት መቻቻል ሲነሣ አብዛኞቻችን «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ችግር የለም» ብለን እናልፋለን። ሰላማችን እውነተኛ መሆኑን አልክድም። የሚያሳስበኝ የቆመበት መሠረት ነው። ብዙው የተመሠረተው ባለመጠያየቅ ላይ ነው፤ ጎረቤታችን ምን እንደሚያምን ስለማናውቅ አንጣላም። ይህ ዓይነቱ ሰላም ደግሞ ካልተንከባከቡት በራሱ አይቆይም።

ነገሩን ከሰውነት ጤና ጋር አያይዤ ላስረዳ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ በሳምንት አምስት ቀን መራመድ ማለት ነው። ይህ ምክር ለአባቶቻችን ቢነገራቸው ይገርማቸው ነበር። ከገጠር ቀበሌ ቦዲቲ ገበያ በእግሩ ደርሶ የሚመለስ፣ ማሳውን በእጁ የሚቆፍር ሰው «ስፖርት ሥራ» ሊባል አይችልም። ኑሮው ራሱ ያሠራዋል። ዛሬ ከመናኸሪያ እስከ ቤታችን ባጃጅ አለ፣ ቢሮ ወንበር አለ፣ ማታ ስልክ አለ። ኑሮው ማንቀሳቀሱን ሲያቆም ጤናውም አብሮ ሄደ፤ ከተማ ውስጥ የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛ የሌለበት ቤተ ዘመድ ማግኘት እየከበደ ነው። አካል ደግሞ ምሕረት የለውም፤ በደንብ የሠለጠነ ሯጭ እንኳን ልምምዱን ካቆመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አቅሙ መውረድ ይጀምራል። ትናንት ጠንካራ ነበርኩ ማለት ለዛሬ አይሆንም።

የአባቶቻችን መቻቻልም ልክ እንዲሁ ኑሮ ያሠራው ነበር ብዬ አምናለሁ። ማንም አላስተማራቸውም። በአንድ ደቦ አርሰዋል፣ በአንድ ወንዝ ከብት አጠጥተዋል፣ ወሬ የሚሰሙትም ከአንድ ገበያ ነው። በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ሰሞን የተጣላ ይታረቃል፣ ዕዳ ያለበት ይከፍላል። አንዱ ስለሌላው ክፉ ወሬ ቢሰማ፣ የተወራበት ሰው በማግሥቱ አጠገቡ ሞፈር ይዞ ስለሚቆም ወሬው ብዙ አይራመድም። አሁን ግን እያንዳንዳችን በኪሳችን የየራሳችንን ሰባኪ ይዘን እንዞራለን። ጎረቤቴ ማታ ምን ዓይነት ስብከት ሲሰማ እንዳመሸ አላውቅም፤ እሱም የእኔን አያውቅም። ስልኩ ደግሞ ትናንት ያየነውን እየቆጠረ ዛሬም ያንኑ፣ ከትናንቱ ትንሽ ጠንከር አድርጎ ያቀርብልናል። የሌላው እምነት የሚደርሰን በአብዛኛው በሁለት ደቂቃ ተቆርጦ፣ ከበስተኋላው ሳቅ ተጨምሮበት ነው።

ውጤቱን በአገራችን አይተነዋል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በአንድ የሙስሊም አባት ቀብር ላይ ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞተ። በቀናት ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ክርስቲያን ጎንደር ላይ የሆነውን አላደረገም፤ የጎንደሩ ሟችም የወራቤን ወጣት አያውቀውም። ቁጣው ግን ርቀቱን ተሻግሮ፣ ለዓመታት አብሮ ለቅሶ የተቀመጠውን ጎረቤት አልፎ ሄደ። ወራቤ ከእኛ ሩቅ አይደለችም። እዚያም ከዚያ ቀን በፊት «እኛ ጋ ችግር የለም» የሚሉ ብዙ ሰዎች እንደነበሩ አልጠራጠርም።

እንግዲህ ኑሮ ማሠራቱን ካቆመ አስበን መሥራት አለብን። ለሰውነት መራመድ እንደሆነ ሁሉ ለመቻቻል ዋናው ልምምድ ንባብ ነው የምለው ከምኞት ተነሥቼ አይደለም፤ ወላይታ ንባብ ሰውን ምን ያህል እንደሚለውጥ በራሷ ታሪክ ያየች ምድር ናት። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የወንጌል መልእክተኞች ወላይታ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ነው። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ሲያስወጣቸው ትተው የሄዱት 48 የተጠመቁ አማኞችን ነበር። ከአምስትና ስድስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። በመካከሉ እስርና ግርፋት ነበር፤ የውጭ መምህር አልነበረም። በእጃቸው የነበረው በወላይትኛ የተዘጋጁ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ነው፤ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ መጀመሪያ ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች የቀላቀለ የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ ሰው ሞቷል፤ መጽሐፉ ተነሥቶ ወላይታ በዓመቱ የራሷ ዞን ሆናለች። ልጄ በማን ቋንቋ ያንብብ በሚል ጥያቄ ሕይወት የተከፈለበት ምድር ላይ ቆመን «ንባብ የኛ ባህል አይደለም» ማለት አይቻልም።

ያልለመድነው የጎረቤትን መጽሐፍ ማንበብ ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሦስት ቤተሰቦችን እናስብ። የኦርቶዶክሱ መጽሐፍ ቅዱስ 81 መጻሕፍት ነው፣ የካቶሊኩ 73፣ የፕሮቴስታንቱ 66። 27ቱ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ግን በሦስቱም ቤት አሉ፤ ያው ማቴዎስ፣ ያው ዮሐንስ። አብዛኛውን የሚጋሩት ሰዎች በማይጋሩት ክፍል ውስጥ ምን እንዳለ አንድም ቀን ከፍተው አላዩም። በዚህም ምክንያት አንዱ ስለ ሌላው የሚናገረው ከወሬ የሰማውን ነው። ፕሮቴስታንቱ «ኦርቶዶክስ ማርያምን ያመልካል» ይላል፤ የቤተ ክርስቲያኒቱን ትምህርት ቢያነብ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን የአምልኮት ስግደት ለእመቤታችን ከሚቀርበው የጸጋ ስግደት ለይታ እንደምታስተምር ያገኝ ነበር። ኦርቶዶክሱ «ጴንጤ ጾም የለውም፣ ድንግልናዋንም አይቀበልም» ይላል፤ ቢጠይቅ ጎረቤቱ ቀናት ቆጥሮ እንደሚጾምና ጌታ ከድንግል መወለዱን ከእሱ እኩል እንደሚመሰክር ይሰማ ነበር። ሁለቱም ደግሞ በቁርኣን 19ኛው ምዕራፍ በመርየም ስም የተሰየመ መሆኑን፣ በመጽሐፉ ሁሉ በስሟ የተጠራች ብቸኛ ሴትም እሷ መሆኗን ቢያውቁ ስለ ሙስሊሙ ጎረቤታቸው ያላቸው ግምት ይለወጥ ነበር። በእስልምና ታሪክ እንደሚተረከው ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ተከታዮች የአክሱሙ ንጉሥ ፊት ሲቀርቡ ከመካከላቸው ጃዕፈር የተባለው ያነበበለት ከዚሁ ምዕራፍ ነው፤ ንጉሡ ነጃሺ ሰምቶ አለቀሰ፣ ለከሳሾቻቸውም አሳልፎ አልሰጣቸውም። ጥገኝነቱ የተረጋገጠው ክርስቲያኑ ንጉሥ የሰዎቹን መጽሐፍ ከራሳቸው አፍ ከሰማ በኋላ መሆኑን ልብ በሉልኝ። የከሰሷቸውን ሰዎች ወሬ ብቻ ሰምቶ ፈርዶ ቢሆን ታሪኩ ሌላ ነበር።

«የሌላውን መጽሐፍ ማንበብ እምነትን ያናጋል» የሚል ሥጋት እንዳለ አውቃለሁ፤ በቅን ልብ የሚነሣ ሥጋት ስለሆነም ማክበር ይገባል። ገና የራሱን እምነት ያልተማረ ልጅ ላይ ሁሉንም እንከምርበት አልልም፤ ልጅ አስቀድሞ በቤቱ ትምህርት ይደግ። ለአዋቂ ግን ሥጋቱ አይሠራም። ሐዋርያው ጳውሎስ አቴና ላይ ሲሰብክ የግሪኮቹን ባለቅኔዎች ቃል መጥቀሱ በሐዋርያት ሥራ 17 ተጽፏል፤ ሳያውቀው ሊጠቅሰው አይችልም፣ ማወቁም ከእምነቱ አላወጣውም። የኦርቶዶክስ አንድምታ ሊቃውንት ለአንድ ንባብ «አንድም» እያሉ በርካታ ትርጓሜ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ኖረዋል፤ ተማሪው ሁሉንም ይዞ ሊቅ ይሆናል እንጂ አይጠፋም። የጎረቤቱን ገጽ በመክፈት ብቻ የሚፈርስ እምነት ካለ ድካሙ የቆየ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለው ክርክር ቀድሞ ያገኘዋል።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። «የሚያነቡት አይደሉ እንዴ አገር የሚያባሉት? ጥላቻውን የሚጽፈው የተማረው ነው» ይባላል። እውነት አለው። ደርግ ወላይታ ውስጥ አብዛኞቹን የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች ሲዘጋ ትእዛዙን ያስፈጸሙት ብዙ ያነበቡ ካድሬዎች ነበሩ። ነገር ግን ምን ያነቡ እንደነበር እንጠይቅ። የአንድ ወገን መጻሕፍት፣ በአንድ ወገን ትርጓሜ ነበር የሚያነቡት። በአንድ እጁ ብቻ ክብደት የሚያነሣ ሰው አንድ ጎኑ ብቻ ያብጣል፣ ሚዛኑም ይጠፋል። ስለዚህ ዝም ብላችሁ አንብቡ አላልኩም፤ የማይስማማችሁን ሰው ከራሱ መጽሐፍ አንብቡት ነው ያልኩት። ልኩን ማወቅም ይቻላል። የጎረቤቴን እምነት በራሴ ቃል ስናገር እሱ ሰምቶ «አዎ፣ እኔ የማምነው ይህንን ነው» ካለ አንብቤዋለሁ። «እንዲህ አላልንም» ካለ ገና ነኝ።

ጊዜና ገንዘብ የለንም የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። የመጽሐፍ ዋጋ መናሩ እውነት ነው። ግን የምለው መጽሐፍ አይገዛም፤ ጎረቤት ቤት መደርደሪያ ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቁርኣንም ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ በአማርኛ ይገኛል። ለንባብ የምትበቃ ሃያ ደቂቃ ደግሞ ለስልክ ከምንሰጠው ላይ ትወጣለች።

ይህ ልምምድ እንዲዘልቅ የሚረዳን ነገር አለ ብዬ አስባለሁ፤ የጤና ቡድኖቻችን። ጎህ ሲቀድ ኳስ የሚጫወቱት፣ መዋጮ ያላቸው፣ አባል ሲታመም የሚጠይቁት የጎልማሶች ቡድኖች ከእድር ቀጥሎ ሃይማኖት የማይጠየቅባቸው ቦታዎች ናቸው። ሰው ብቻውን ሮጦ ይሰለቻል፣ ንባብም ብቻውን ጀምሮ ይተዋል፤ ቡድን ግን የቀረውን ደውሎ ይጠራል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የወላይታው እግር ኳስ ክለብ የጦና ንቦች ካይሮ ላይ ዛማሌክን በመለያ ምት ጥለው ሲያልፉ ወላይታ ውስጥ በአንድ ላይ ያልጮኸ የእምነት ቤት ልጅ አልነበረም። ይሁንና የኳስ አንድነት ብዙም እንዳያታልለን፤ ቡድን አባሉን ጉልበቱ የቱ ጋ እንደሚያመው ያውቃል፣ ምን እንደሚያምን ግን አያውቅም። ከጨዋታ በኋላ ሻይ የሚጠጣበት ግማሽ ሰዓት አለ። እዚያ ላይ አንድ ገጽ ማንበብ ቢጨመርስ? ክርክር ይሆናል የሚል አለ፤ ደንብ ካልተበጀለት ይሆናል። ደንቡ ከባድ አይደለም፤ የሚነበበው ባለ መጽሐፉ የመረጠው ነው፣ የሚያነበውም እሱ ነው። ሌላው መልስ አይሰጥም፣ የሚፈቀድለት «ይህን እናንተ እንዴት ትረዱታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። መልስ መስጠት የፈለገ በሚቀጥለው ሳምንት በተራው የራሱን ያነባል።

የቦዲቲ፣ የሶዶ፣ የአረካ ሰዎች ሆይ፣ የጤና ቡድን አባል የሆናችሁ በተለይ፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ከእናንተ የተለየ እምነት ያለውን ጓደኛችሁን አንድ ምዕራፍ መርጦ ይዞ እንዲመጣ ጠይቁት። እስኪጨርስ ድረስ ሳታቋርጡ ስሙት፤ በሳምንቱ ደግሞ የእናንተን ይዛችሁ ሂዱ።