ባሕር የሌለው ወደብ

«ደሴን አውቃታለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ ከመኪና ወርደህ ነው ወይስ በመስኮት? አብዛኞቻችን በመስኮት ነው የምናውቃት። ምሳ በልተን፣ ጎማ አስነፍተን እብስ! እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከነዚሁ አንዱ ነበርኩ።

አባቴ የአሰብ ሾፌር ነበር። ኤንትሬውን ከነተሳቢው እያስጓራ ሲመላለስ ማደሪያው ኮምቦልቻ ነበረች። በ1990 ዓ.ም. የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ እሱም መሪውን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የኮምቦልቻ ስም በተነሳ ቁጥር «እሷማ ሞታለች» ይላል። «አባባ፣ ሞታ ከሆነማ ለቅሶ እንድረሳት» አልኩትና የመንገዱን ሰላም ጠያይቀን ተነሳን።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ትቀድማለች። አባቴ ግን «በኋላ» ብሎ ዐይኑን ጨፍኖ አለፋት። ከዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ መውጣት ነው። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ፣ ቆላ ቀመስ ከሆነው ሙቀት ተነስታችሁ ጋቢ የሚያስፈልግበት ብርድ ውስጥ ትገባላችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ናትና ሹራብ አትርሱ!

«ደስታዬ» የሚለውን ስም ያወጡላት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እንደሆኑ ይነገራል። ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው አደረጓት፤ ያሠሩትም የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። የመጣውን ሁሉ የሚያስተናግድ፣ ማንንም የማይጸየፍ ማለት ነው። እውነትም ወሎ ማለት ይሄው ነው፤ ክርስቲያኑና እስላሙ ተጋብቶ፣ ተዋልዶ የሚኖርበት አገር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላን ከተማዋን በቦምብ ሲደበድብ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ነበሩ፤ መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል።

ባሕር ያማራችሁ እንደሆነ ደግሞ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐይቅን እዩ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም እንደማይገቡ ግን ቀድማችሁ እወቁ። ቀኑ ሰኞ ከሆነ ባቲ ገበያ አይቅርባችሁ፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ተገናኝቶ የሚገበያይበት ነው። «ባቲ» እና «አምባሰል» የሚባሉት ቅኝቶችም ስማቸው የዚሁ አገር ነው።

በሦስተኛው ቀን አባቴ ራሱ «በል ኮምቦልቻ እንውረድ» አለ።

ለቅሶ ደራሹ አፉን ይዞ ቀረ! ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ... እርግጥ ጠባሳ አለ። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ሁለቱም ከተሞች ከወር በላይ በጦርነቱ ተይዘው ብዙ ተዘርፏል። ሰዉ ግን «አብሽር» ተባብሎ ተነስቷል።

አባቴ ደረቅ ወደቡ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደራርቧል። ከጅቡቲ የመጣ አንድ ወጣት ሾፌር ሻይ ይጠጣል።

«በየት መጣህ?» አለው አባቴ።

«በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በባቲ።»

«እኔም ከአሰብ በሚሌ፣ በባቲ ነበር የምመጣው።»

ልጁ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀለት። «ታዲያ ፋዘር፣ ከሚሌ ወዲህ ያለው እኮ የርስዎ መንገድ ነው!»

አባቴ ተቀመጠ። ሻይ ታዘዘ፤ ወሬው እስኪመሽ አላለቀም። ባሕሩ ቢርቅም ወደቡ እሱ ከሚያድርበት ከተማ መጥቶ ጠብቆታል። ከዚያን ቀን ወዲህ «ሞታለች» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ምክሬ አጭር ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ። ሰላም ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። ቤታችሁ ውስጥ የድሮ የአሰብ ሾፌር ካለ ደግሞ ጥላችሁት እንዳትሄዱ!