ሁሉን መቆለፍም አይበጅ

በጥምቀት ጃንሜዳ ካሜራ አንግቶ ለሚገባ ሰው ከብርሃኑ ይልቅ ግፊያው ይከብዳል። የቦርሳ ማንገቻም የሰው ክርንም ካሜራውን ሲነካካው፣ የኤክስፖዠር ማካካሻው መዘውር ሳይታወቅ ፈቀቅ ይላል። በጠራራ ፀሐይ ደግሞ ስክሪኑ በደንብ አይታይም። ብርሃን በዝቶበት የተቃጠለ ነጠላ ሽመናው በኤዲቲንግ አይመለስም።

ሠሪዎቹም ችግሩን ያውቁታል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 የሞድ መዘውሩ መሃል ያለውን ቁልፍ ካልተጫኑት አይዞርም። በብዙ የፉጂፊልም ኤክስ-ቲ ካሜራዎች ላይም የሸተር ፍጥነት መዘውሩ መቆለፊያ አለው።

ግን ሁሉን መቆለፍም አይበጅም፤ ታቦቱ ሲያልፍ ቁልፍ ፍለጋ መዳበስ ሌላ ጣጣ ነው። የእኔ መለያ ቀላል ናት፦ ሞድ፣ ራው ወይም ጄፔግ የሚለው ምርጫና የመሳሰሉት በቀን አንዴ የሚነኩ ስለሆኑ ይቆለፉ። አፐርቸር፣ ሸተርና አይኤስኦ በየደቂቃው ስለሚፈለጉ ክፍት ይሁኑ።

ሲ1 የሚባል ሞድ ያለው ካኖን ካላችሁ ደግሞ መነሻ ሴቲንጋችሁን እሱ ላይ መዝግቡና ራሱን በራሱ እንዳያድስ አድርጉት። መሃል ላይ የተነካካው ነገር ካሜራውን አጥፍታችሁ ስታበሩት ወደ መዘገባችሁት ይመለሳል።

እናንተስ የትኛውን ትቆልፋላችሁ?